የቦይለሩ ፍተሻ

ፕሮፌሰር መኩሪያ ዕድሜውን የፈጀው ብረት ለምን እንደሚሰበር ሲያጠና ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፣ የሰው ጆሮ አይሰማውም እንጂ፣ ይላቸው ነበር የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎቹን። ያንን ጩኸት የሚሰማ መሣሪያም ሠራ። የቀረው በጋለ የእንፋሎት ቦይለር ላይ ሞክሮ ማሳየት ብቻ ነበር።

ዕድሉን ነፋስ ስልክ ባለ አንድ አሮጌ የሳሙና ፋብሪካ አገኘ። ቦይለሩ እየተንቋቋ ሠራተኛውን ስላስፈራ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፍተሻውን ለእሱ ሰጠው። መኩሪያም የእንፋሎቱ ግፊት ከወትሮው በላይ ከፍ ብሎ እንዲፈተሽ ወሰነ።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ወጋየሁ ይህን ሲሰማ አበደ። በሠራተኞቹ ፊት የመኩሪያን ኮሌታ ጨምድዶ፣ «ተመልሰህ ግቢዬን ብትረግጥ እግርህን ነው የምሰብረው» አለው።

ሶሬቲም ነገሩን አልወደደችውም። ሶሬቲ ዶክትሬቷን የሚያማክራት፣ እንደ ልጁ የሚያያት ተማሪው ናት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እንፈትሸው፣ ቢሰነጠቅ እንኳ ሰው አይጎዳም ብላ ደጋግማ ለመነችው። በቀዝቃዛ ውሃ መሣሪያዬ ምንም አይሰማም አላት። ፈሪ መሐንዲስ አልወድም ብሎም ላብራቶሪው ሙሉ ሰው እየሰማ አሳፈራት።

በፍተሻው ዋዜማ ጠዋት፣ መኩሪያ ጎፋ ካለው ቤቱ ወጥቶ ወደ ታክሲ ሲሄድ ፊቱን በሻሽ የሸፈነ ወጠምሻ ከኋላው ደረሰበት። አንድም ቃል አልተናገረም። በብረት ዘንግ ቅልጥሙን መታው። ሲወድቅ እዚያው ላይ ደገመው። መኩሪያ የገዛ አጥንቱ ሲሰበር ሰማ። ስልኩም ቦርሳውም አጠገቡ አቧራ ላይ ቀሩ።

ሆስፒታል ሲነቃ ሶሬቲ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ማን እንደነገራት አልጠየቃትም።

«ወጋየሁ ነው» አላት።

«በፈጠረዎት፣ ፕሮፌሰር፣ ፍተሻው ይቅር።»

«እንዲያሸንፈኝ? ነገ አንቺ ትሠሪዋለሽ። እምቢ ካልሽ ሠራተኞቹን በስልክ እያዘዝኩ አሠራቸዋለሁ።»

ሶሬቲ በጄሶ የታሰረ እግሩን አየች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ቦይለሩ ፈነዳ። መሣሪያው ምንም አልሰማም። አንደኛው የብረት ክዳን ግድግዳውን በርቅሶ ወጥቶ አስፋልት ላይ ተከሰከሰ። ሶሬቲ ሠራተኞቹን በሙሉ አስወጥታ ብቻዋን ነበር መለኪያው ፊት የቆመችው። አስከሬኗን ያወጡት ሰዎች ፊቷን ለማንም አላሳዩም።

መኩሪያ ከአልጋው ሆኖ ላገኘው ጋዜጠኛ ሁሉ ተናገረ። ወጋየሁ እግሬን ያሰበረው የቦይለሩን ጉድ ለመደበቅ ነው፤ እኔ እዚያ ብኖር ልጅቷ አትሞትም ነበር አለ። ሠራተኞቹ ይህን ሰምተው ወጋየሁን ከመኪናው ጎትተው አወረዱት። በድንጋይና በእርግጫ ቀጠቀጡት። ፖሊስ ደርሶ ሲያስጥለው አንድ ዓይኑ ፈሶ ነበር። ሳይሰነብት ሞተ።

መኩሪያ መርዶውን ሲሰማ አላዘነም። የእጁን አገኘ አለ።

በክራንች መራመድ ሲጀምር የሶሬቲን ቤተሰቦች ሊያጽናና ሀና ማርያም ወረደ። እናቷ እቅፍ አድርገውት አለቀሱ። እህቴ ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም ነበር ብሎ፣ ታላቅ ወንድሟ ዋቅቶላ እስከ በር ሊሸኘው ክንዱን ይዞ ወጣ። መኩሪያ የሚያጽናና ቃል ፈለገ።

«የእህትህ ደም ፈሶ አልቀረም» አለው። «እግሬን ያሰበረው ሰው ዋጋውን አግኝቷል።»

«እግርዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ ዋቅቶላ፣ «ሶሬቲ ናት ከፍተሻው አስቀርልኝ ብላ እግሬ ላይ ወድቃ የለመነችኝ።»