ከራስ ምንም አለመጨመር

ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልቷል፦ የሚሽከረከር ወንበር፣ ባለሦስት ቀለም እስክሪብቶ፣ ዓይኑ ሳይደክም የገዛው መነጽር። የጎደለው ልብ ወለዱ ብቻ ነበር። የድርሰት አሠልጣኙ «ሰው የሚያወራውን እንዳለ ጻፍ፤ ከራስህ ምንም አትጨምር» ስላለው፣ ደብተሩን ይዞ ጎረቤት ልቅሶ ድንኳን ገባ።

ቀናው። «ሰላምታ እንኳ ይሰስት ነበር እኮ!» አለ አንዱ ለቀስተኛ ስለ ሟቹ። «ሚስቱን ሲያስለቅስ ኖሮ ዛሬም አስለቀሳት» አለ ሌላው። ሁለት ገጽ ሞላ።

የሟቹ ባለቤት እትዬ ፋንታነሽ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«የሕይወት ታሪኩን እየጻፍክልኝ ነው አይደል? ተባረክ የኔ ልጅ። እስኪ ሰዉ ስለሱ ያለውን አንብብልኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገና የሞሉትን ሁለት ገጾች አልፎ ገለጠ።

«ሚስታቸውን አመስግነው አይጠግቡም ነበር…» እያለ ከባዶው ወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ።