ያልተሳበ ትንፋሽ

ወይዘሮ አሰለፈች አሥር ቀን ሙሉ ለማንም «እሺ» አላሉም። የኢንተርኔት ድርጅቱ ውሉን ቀይሯል፤ ከእንግዲህ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ድርጅቱ ቤት ውስጥ የተከለው፣ የሚሰማና የሚናገረው ሳጥን ማስታወቂያ ይለፍፋል። ደንበኛ እምቢ የማለት መብት አለው። ግን በአሥሩ ቀን ውስጥ ከቤቱ የመስማማት ወይም የደስታ ድምፅ ከተሰማ፣ ትንፋሽን ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለት እንኳ ቢሆን፣ ፈርሟል ማለት ነው።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ እያለከለኩ ገቡ።

«አሰለፈች! የልጄ ቀዶ ሕክምና ተሳካ! ዓይኑን ገለጠ!»

አሰለፈች የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ዝም አሉ።

«አልሰማሽም? አብረን አልነበር ያለቀስነው?»

ዝም።

«ሁለተኛ ደጅሽን ብረግጥ እኔ ጥሩወርቅ አይደለሁም!» ብለው በሩን ወርውረውት ወጡ።

ወዲያው ሳጥኑ ተናገረ። «ቀነ ገደቡ አልቋል። መብትዎ ተከብሯል።»

አሰለፈች ዘለው በሩን ከፈቱ። «ጥርዬ፣ ተመለሺ! እልልል! አዎ፣ አብረን ነው ያለቀስነው፣ አዎ!» እያሉ የአሥር ቀን ትንፋሻቸውን ባንዴ ሳቡት።

ከኋላቸው ሳጥኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን በወጣው ሁለተኛው ማሻሻያ ስለ ተስማሙ እናመሰግናለን።»