የወረቀቷ ሠራተኛ

እናትና ሁለት ልጆቿ የወረቀት ዕቃ ሠሪዎች መንደር ሲደርሱ የእናትየው እግር አብጦ ነበር። ጠዋት ሸክላ፣ ከቀትር በኋላ ሐር ሲያዩ ነው የዋሉት፤ ሌሊት ተነስታ የሁሉንም ምሳ የሠራችውም፣ ተሸክማ የዞረችውም እሷው ናት። አሁን ለአባታቸው ሙት ዓመት የሚቃጠለውን የወረቀት ቤት መምረጥ ብቻ ቀርቷቸዋል። በእምነታቸው በእሳት የተላከ ሁሉ ሟቹ ዘንድ ይደርሳል።

"ባለ ፎቁ ይሁን፤ መኪናም አለው" አለች ልጇ ሊየን።

ሻጩ በወረቀቱ ቤት ውስጥ ምድጃው አጠገብ የቆመችውን የወረቀት ሴት አሳያቸው። "ሠራተኛዋ ምርቃት ናት፣ እማማ።"

"ጉድ ፈላ! እማዬ፣ አባዬ እዚያ ሌላ ሊያገባብሽ ነው!" አለች ሊየን፤ ከወንድሟ ጋር በሳቅ ፈረሱ።

እናትየው አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ሴቲቱን ከምድጃው በቀስታ አላቀቀቻት፤ ክንዷ እንዳይታጠፍ በመሐረቧ ጠቅልላ ባዶው የምሳ ዕቃ ውስጥ አስተኛቻት።

"ቀናሽ እንዴ? ታዲያ ማን ያብስልለት?" አለች ሊየን።

"ራሱ ያብስል። እሷን እኔ ስሞት ታቃጥሉልኛላችሁ" አለች ክዳኑን እየገጠመች። "እዚያ እንኳ ሰው ሠርቶ ያብላኝ።"