ከታካቶ በላይ ያለው መታጠፊያ

ኪኑዮ ሳኩራ የሚባለውን የቼሪ ዛፍ አበባ ከጠላች ስድስት ዓመቷ ነው። ሆኖም በየዓመቱ፣ አበባው በሚፈነዳበት ሰሞን፣ ከባሏ ከያሱሄይ ጋር ወደ ታካቶ ተራራ ትወጣለች። አንድ ልጃቸው ሾጎ የሞተው በዚያ ሰሞን፣ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ለመሞቻ ሌላ ወር የጠፋ ይመስል።

ከኢና ባቡር ጣቢያ የተነሣው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰዉ ምሳውን በጨርቅ ቋጥሮ፣ የሚያነጥፈውን ሸራ ጠቅልሎ፣ ሰርግ የተጠራ ይመስል ይንጫጫል። ከፊታቸው የተቀመጡት አሮጊት ዞር አሉ።

«እናንተም አበባ ልታዩ ነው? ዘንድሮ በረዶው ገና ከተራራው አልወረደም። ከአበባው ጋር አንድ ላይ ሲያዩት ያስለቅሳል አሉ።»

«እኔን የሚያስለቅሰኝ ሌላ ነው» አለች ኪኑዮ።

ያሱሄይ ለአሮጊቷ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይሄም አናደዳት። ይህ ሰው ይቅርታ መጠየቅን ሥራዬ ብሎ ይዞታል።

ልጇን የገደለው ሬንጂ ነው፤ የሾጎ አብሮ አደግ። የዚያን ቀን ሁለቱ አበባ ሊያዩ በሾጎ መኪና ወጡ። ሾጎ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ አረቄ ጠጥቷል፤ ሬንጂ ግን አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ኪኑዮን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ሰክሮ ቢሆን ስካሩን ትረግም ነበር። መኪናው መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ፤ ሁለቱም ከውስጡ ተወረወሩ። ሬንጂ እግሩን ተሰብሮ ተረፈ።

ኪኑዮ ሆስፒታል ገብታ አንገቱን አነቀችው። «ማን ነው የነዳው? ንገረኝ! ማን ነው የነዳው?»

ሬንጂ ዓይን ዓይኗን ሲያያት ቆየ። ከዚያ «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።

ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት ፈረደበት። የሃያ አራት ዓመት ልጇን ገድሎ ሁለት ዓመት!

ያሱሄይ እንደ እሷ አልጮኸም። ፖሊስ ዘንድ ሄዶ የተጨማደደውን መኪናና ወደ ኋላ የተገፋውን የሹፌር ወንበር አይቶ በመጣ ዕለት እንኳ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ ሬንጂ ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

«ሾጎ ብብት ሥር የሚገባ ድንክ ነው! ምነው፣ ልብስ ልታሰፋለት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናው አንሥቶ አያውቅም።

ከአውቶቡሱ ወርደው፣ ሸራ አንጥፎ የሚበላውን የሚጠጣውን ሕዝብ አልፈው፣ አቀበቱን ወጡ። ከመታጠፊያው ማዶ በረዶ የለበሱት ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ነፋሱ የአበባውን ቅጠል እያመጣ መንገዱ ላይ ይበትነዋል። ኪኑዮ ወደ ተራራው ቀና ብላ አላየችም። ያየችው የመንገዱን ብረት አጥር ነው። ሥሩ ጥርግ ብሎ ጸድቷል። አንድ እቅፍ ነጭ አበባና አንድ ጣሳ ቢራ ተቀምጦበታል።

«መጥቷል! ያ ከይሲ ዛሬም ቀድሞናል!» ጣሳውን በእግሯ ለግታ ገደል ሰደደችው። «ገዳይ የገደለውን ሰው ቢራ ይጋብዛል? አንተስ ምነው ተዘጋህ? ልጅህ አይደለም?»

«ተይው፣ ኪኑዮ።»

«አልተወውም! የተውከው አንተ ነህ! ፍርድ ቤት እንኳ የኋላ ወንበር ላይ ተወሽቀህ መሬት መሬት ስታይ ዋልክ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ‹ልጄን መልስ› ብለህ ብታንቀው ምን ነበረበት? አንተ ሰውዬ፣ ደም የለህም?»

የያሱሄይ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የሆነ ነገር ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ኮፍያውን አጥብቆ «ከታች ሻይ ቤት ውሃ ልግዛልሽ» አለና ቁልቁል ወረደ። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ።

ኪኑዮ ብቻዋን ቀረች። ለሾጎ በሩዝ ጠቅልላ ያመጣችውን ጨው የበላ ፕሪም አጥሩ ሥር አስቀመጠችለት። አበባው ሩዙ ላይ ይረግፍበታል። አንድ በአንድ እየለቀመች ወረወረችው። ሲረግፍ ስትለቅም፣ ሲረግፍ ስትለቅም ግማሽ ሰዓት አለፈ። ያሱሄይ አልተመለሰም።

«ደግሞ ይሄኔ አበባ ያይ ይሆናል!»

ጃንጥላዋን ጨብጣ እየተነጫነጨች ወረደች። ሻይ ቤቱ ውስጥ የለም። ከጀርባ ዞረች። እዚያ ከአንድ ትልቅ ሳኩራ ሥር፣ አንድ አጭር ሰው ቆሟል። አንድ እርምጃ ሲራመድ አነከሰ። ያንን ማንከስ ከሩቅም ታውቀዋለች።

ያሱሄይ እግሩ ሥር ወድቋል።

ደሟ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። መታው! ልጇን ቀምቷት ሲያበቃ፣ አሁን ደግሞ ይህን አቅመ ቢስ ሽማግሌ መታባት! ጃንጥላዋን እንደ ዱላ አንሥታ ሮጠች። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጠራት። ከግንዱ ጀርባ ስትደርስ ሁለቱም አላዩዋትም። ሬንጂ ባሏን በብብቱ ይዞ ይጎትተዋል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይነሡ። በሞቴ ይነሡ። ሰው ያየናል።»

ያሱሄይ አልተነሣም። ሁለት እጁን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ግንባሩን አፈር አስነክቶ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በሾጎ ፋንታ ታስረህ ወጣህ» አለ፤ «እኔ ግን ዘንድሮም መኪናውን የነዳው እሱ መሆኑን ለእናቱ መንገር አቃተኝ።»