የጠቆረው ወረቀት

የሕመም ስሜትን የሚያጠፋው ክትባት ከመጣ ወዲህ በኮምቦልቻ ማንም ሰው ሕመም አይሰማውም። የሕመም ስሜትን የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር ገና እንደተፈጠረ ሳንባ ውስጥ ፈርሶ፣ ትራፊው በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ማለዳ ማለዳ ሽንቱን በወረቀት ይፈትሻል። ወረቀቱ ከጠቆረ ገላው አንድ ቦታ ተጎድቷል ማለት ነው፤ የት እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት የቤተሰብ ሥራ ነው።

የዚያን ቀን የትርንጎ ባል የይርዳው ወረቀት ከሰል መሰለ።

«ልብስህን አውልቅ» አለችው።

«ኧረ ደህና ነኝ! ሥራ ይረፍድብኛል።»

«አውልቅ አልኩህ!»

የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እየፈለቀቀች አየች። አፉን አስከፍታ ድዱን፣ ፀጉሩን እየከፈለች ራሱን መረመረች። ጭረት እንኳ አጣች። ይርዳው ግን «ኮረኮርሽኝ» እያለ ይስቃል። በመጨረሻ ሆዱን በቀኝ በኩል ስትጫነው እንደ ጣውላ ደርቆ አገኘችው። እሱ አሁንም ይስቃል።

እየጎተተች ታክሲ ውስጥ አስገብታ ሆስፒታል አደረሰችው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጣች።

«ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። በጊዜ ስላመጡት ይድናል።»

ትርንጎ «ተመስገን» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ድሮ ቢሆን» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ከትናንት ቀትር ጀምሮ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮህ ነበር።»

ትናንት ከቀትር በኋላ ሁለቱ ትልቁን ቁምሳጥን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲያዛውሩ ነበር። ይርዳው መሀል ላይ ቆም ሲልባት «ግፋ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ብላ ተቆጥታው ነበር። እሱም ይቅርታ ጠይቋት ገፋ።