የአራተኛ ሀ ብልጫ

የሳይንስ አስተማሪዋ ልጆቹን ቆሻሻ መለየት ለማስተማር ያልሞከረችው ነገር የለም። ሦስት በርሜል ቀለም ቀብታ ግቢው ውስጥ አቆመች፤ አንዱን ለወረቀት፣ አንዱን ለፕላስቲክ፣ አንዱን ለምግብ ትራፊ። በሳምንቱ ሦስቱም ውስጥ የሙዝ ልጣጭ ተገኘ። ወላጆችን ጠርታ የቤት ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ አስረዳች። ከመጡት ዘጠኝ ሰዎች ሁለቱ አንቀላፉ። አንዷ እጇን አውጥታ፣ "በርሜሎቹ ያምራሉ፤ ስትጨርሺ ለውሃ ማጠራቀሚያ አትሰጪኝም?" አለቻት።

በመጨረሻ ውድድር አሰበች። እያንዳንዱ ክፍል ከየቤቱ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣል፤ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ይቆጠራል፤ በወሩ መጨረሻ አሸናፊው ክፍል ፕላስቲክ የሚፈጭበትን ፋብሪካ ሊጎበኝ ይሄዳል። በርሜል አጠገብ ደርሶ የማያውቅ ልጅ ሁሉ ጠርሙስ ለቃሚ ሆነ።

የራሷ ልጅ አራተኛ ሀ ነበረች። አዳላች እንዳትባል ቆጠራውን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠች። ዘበኛውን ልጆቹ "ጋሼ ቁልፉ" ይሏቸዋል፤ ወገባቸው ላይ የቁልፍ መዓት ይንኳኳል። የተቆጠሩትን ጠርሙሶች አለቅልቀው መጋዘን የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። የመጋዘኑ ቁልፍም ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቆጠራ ልጇ ባዶ እጇን ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች።

"የአስተማሪ ልጅ ሆና?" አሉ የአስተማሪዋ እናት።

"እኛ የምንጠጣው ከቧንቧ ቀድተን ያፈላነውን ነው፣ እማዬ። ፕላስቲክ አለመግዛታችን እኮ ነው የሚያኮራው።"

"እሱን ለእሷ ንገሪያት።"

ነገረቻት። ልጅቷም ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም። አስተማሪዋ በርሜሎቹን ለማየት በማለዳ ስለምትወጣ፣ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት አያቷ ነበሩ።

በሁለተኛው ቆጠራ አራተኛ ሀ በአሥራ ሁለት ጠርሙስ በለጠ። በሦስተኛውም በአሥራ ሁለት። በአራተኛው የአራተኛ ለ አስተማሪ ታገሠ ታገሠና ከመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቃት።

"እዚያ ክፍል ጠርሙስ ይራባል እንዴ? የእኔ ልጆች ቱቦ ለቱቦ እየተንከራተቱ ጫማቸው አለቀ። እናቶቻቸው እኔን ነው የሚረግሙት።"

"ምን ልበልህ?"

"የጋሼ ቁልፉ የወንድም ልጅ የት ክፍል እንደሆነ ጠይቂና ምን እንደምትይኝ ታውቂዋለሽ።"

ልጁ አራተኛ ሀ ነበር።

የዕለቱ ጠርሙሶች ሳይታጠቡ ከረጢቶቹን ራሷ ዘረገፈቻቸው። የሌሎቹ ክፍሎች ጠርሙስ የተጨማደደ፣ አፈር የላሰ፣ ጉንዳን የወረሰው ነው። ከአራተኛ ሀ ውስጥ ግን አሥራ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጭረት የለባቸውም፤ ውስጣቸው ጥቂት የውሃ ጠብታ ቀርቷል። ከታጠቡትና መጋዘን ከገቡት ካልሆነ ይህን የመሰለ ከየት ይመጣል? ወጥተው እንደገና ተቆጥረዋል ማለት ነው። አሥራ ሁለቱን ይዛ ወደ ዘበኛው ሄደች።

"ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነው ያመጣቸው?"

"እኔ የምቆጥረው ጠርሙስ ነው፣ ቲቸር። ያመጣውን እጅ አላይም። ልጆቹ ከረጢት ውስጥ ይከታሉ፣ እኔ እዘረግፋለሁ።"

"ታጥበዋል እኮ።"

"ንጹሕ አምጡ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

አነጋገራቸው አናደዳት። መጋዘኑን አስከፈተች። ከረጢቱ ጣሪያ ደርሷል። ማን ይቁጠረው? መልሳ ዘጋችው።

ዳይሬክተሩ ነገሩ ጆሮው ደርሶ ነበር።

"ለልጆች ቆሻሻ ልናስተምር ተነስተን ሌብነት አስተማርን" አላት። "እስከ ዓርብ ይጣራ። የዘበኛው እጅ ካለበት ጽፈሽ ፈርሚ፤ ከዚያ ወዲያ እዚህ ግቢ አይገቡም።"

"አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። ጡረታቸው ስምንት ወር ነው የቀረው።"

"ታዲያ ሌላ ሰው አምጪልኝ።"

ማታ እራቷን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

"አራተኛ ሀ እየመራ አንቺን ምን ያበሳጭሻል?" አሏት እናቷ።

"የሥራ ነገር ነው፣ እማዬ። ተይው።"

የሰው ስም ቤት ይዞ መግባት አልወደደችም። እናቷም አልጠየቋት፤ ወደ ጓሮ ወጡ። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወር ቢሆነውም፣ ከቦዩ ዳር ያለው ቲማቲማቸው ብቻ ለምልሞ ነበር።

ዓርብ ተቆጠረ። አራተኛ ሀ በአሥራ ሁለት በለጠ።

አስተማሪዋ ጻፈች። ፈረመችም። ዘበኛው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ከወገባቸው ቁልፎቹን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው።

"ልጁን ብቻ እንዳትጠይቁብኝ" አሉ። "አጎትህ ሌባ ነው ብሎ ሌላ ሰው እንዳይነግረው፣ እኔው ቀድሜ የሆነ ነገር እለዋለሁ።"

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። በመስኮት አየቻቸው፤ በሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ሊዘጉት እጃቸውን ሰደዱና ተዉት።

በዕለቱ የከሰዓት ትምህርት አልነበረም። አስተማሪዋ ከወትሮው ቀድማ ቤቷ ገባች። ሳሎን ማንም የለም። ከጓሮ የእናቷ ድምፅ ተሰማት።

"ቶሎ ቶሎ በይ፣ ለማክሰኞ እናዘጋጀው። እናትሽ ከመጣች ጉዳችን ነው።"

በጓሮው በር ብቅ ስትል፣ እናቷ አዲስ የታሸገ ውሃ ከነመጠቅለያው እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ክዳኑን እየከፈቱ ቦዩ ውስጥ ይደፋሉ፤ ልጇ ባዶዎቹን እየተቀበለች ትቆጥራለች፦ "አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።"