«አለህ ወይ?» የማይል መስመር

«እኛ ጋ ይሠራል አልኩሽ እኮ!» አለች የኔትወርክ ባለሙያዋ ሔለን፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ ነው። «ወሎ ሰፈር» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ያለችው መብራት እንደ ጠዋቱ ሁሉ አረንጓዴ ናት።

«ሔሉዬ፣ የአቶ ገብረአምላክ ውጤት እስካሁን አልመጣም» አለች ሀምዲያ፣ የክሊኒኩ የወሎ ሰፈር ቅርንጫፍ ነርስ። «የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው። ዶክተሩ ፖታሲየሙን ሳላይ መርፌውን አልሰጥም ብሏል። ማለቴ፣ ሁኔታቸው ደስ አላለኝም።»

«ላቦራቶሪው አልጨረሰ ይሆናላ። ትንሽ ጠብቂ በቃ።»

ጠዋትም ያንኑ ነበር ያለቻት። ደሙ የሚመረመረው እዚህ ካዛንቺስ፣ ዋናው ክሊኒክ፣ ከሔለን ቢሮ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ውጤቱ ሁለቱን ቤቶች በሚያገናኘው መስመር፣ የሙያው ሰዎች ተነል በሚሉት፣ በቅጽበት ወሎ ሰፈር ይደርሳል። መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው።

ስልኩን ዘጋች፤ ግን አላስቻላትም። ደረጃውን ወርዳ የላቦራቶሪውን በር ከፈተች።

«የአቶ ገብረአምላክ?» አለ ዳግም የተባለው ባለሙያ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «እሱንማ ጠዋት ልኬዋለሁ። ፖታሲየሙ ሰማይ ነክቷል፣ አስቸኳይ ብዬ ሁሉ ነው የላክሁት። ምነው፣ አልደረሳቸውም እንዴ?»

ሔለን በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ወደ ላይ ሮጣ ወሎ ሰፈር ያለውን ማሽን በኪቦርዷ ጠራችው። መልስ የለም። ደግማ ጠራችው፤ አሁንም የለም። ኡራኤል ጋ መንገድ ሲቆፈር ሰንብቷል፤ ኤክስካቫተር ገመዱን በጥሶት መሆን አለበት። መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ሞቶ ውሏል። መብራቷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ደህና ነኝ ትላለች።

ለነገሩ መብራቷስ ምን ታድርግ? ተነል የሚሉት ነገር ከራሱ ደጃፍ ወዲያ አያይም። የራሱ በር ክፍት እስከሆነ ድረስ ጎረቤቱ ይኑር ይሙት አያውቅም። ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ወደ ማዶ «አለህ ወይ?» እያለ እንዲጣራ ይደረጋል፤ ደጋግሞ ጠርቶ «አለሁ» የሚለው ሲያጣ መስመሩ መሞቱን ተረድቶ መብራቱን ቀይ ያደርጋል። ያችን ጥሪ፣ ኪፕ አላይቭ የሚሏትን፣ የገጠመቻት ሔለን ራሷ ነበረች። አሁን ስትፈልጋት ከቦታዋ የለችም።

«አቶ አምኃ፣ ኪፕ አላይቩን ማን ነው ያጠፋው?»

አለቃዋ ከምሳ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተንጋለዋል። ጥርሳቸውን በስቴኪኒ ሲጎረጉሩ ቆዩና ጫፉ ላይ የወጣችውን የጥሬ ሥጋ ቁራጭ አየት አድርገው መልሰው ዋጧት።

«እኔ ነኝ ያስጠፋሁት። ኤሌክትሪክ ብልጭ ባለ ቁጥር ቀይ፣ ቀይ! ባለፈው የቦርድ አባላቱ ሲጎበኙን እንዴት እንዳሳፈረን ረሳሽው? ይኸው ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለንም። ሰላም ሆንን።»

«መስመሩ እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም! በሽተኛ ውጤት እየጠበቀ ነው!»

«ቀስ በያ። ይስተካከላል። እስከዚያው ደህና ነው በያቸው» አሉና ወደ ስቴኪኒያቸው ተመለሱ።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። አፋቸው ሔለንን ቀፈፋት፣ ግድግዳው ላይ የተገተረችው አረንጓዴም ቀፈፈቻት። ከሁሉ የባሰው ግን የራሷ ድምፅ ነበር፤ «እኛ ጋ ይሠራል» ያለችበት ያ የሰለቸው፣ የአዋቂ ነኝ ባይ ድምፅ። አንድ ፎቅ መውረድ ታክቷት፣ የነርስ ቃል ትታ መብራት አምና። ራሷን ተጸየፈች። አለቃዋን አንቱ ማለትም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከልቧ ወጣ።

ጥሪዋን መልሳ ገጠመቻት። መስመሩ «አለህ ወይ?» አለ፤ ዝም። እንደገና አለ፤ ዝም። ሦስተኛውም ሳይመለስ ቀረ፤ መብራቷ ደም መሰለች።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ!» አምኃ ስቴኪኒውን ጥሎ ተነሳ። «አሁን እንግዶች ይመጣሉ፤ ቶሎ መልሽው!»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወሎ ሰፈር ደወለች።

«ሀምዲያ፣ ስሚኝ። ፖታሲየሙ በጣም ከፍ ብሏል፣ አደገኛ ነው። ጠዋት ነው የወጣው፤ መስመሩ ሞቶ ነው ያልደረሳችሁ። ሩጪ፣ ለዶክተሩ ንገሪው!»

ወንበር ሲገፋ ተሰማ፣ ከዚያ የሚሮጥ እግር። የሀምዲያ ስልክ ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ቀረ። የሔለን ስልክ ስክሪን ላይ የሀምዲያ ስም በርቷል፤ ሰከንዶቹ ይቆጠራሉ። ላየው ሰው ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩ ይመስላሉ።

«ሀምዲያ፣ አለሽ?»

ዝም።

«አለሽ ወይ?»

አምኃ ከኋላዋ ይጮሃል። ሔለን አልዞረችም። ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የሆነች ሴት «ወይኔ አባቴ!» ብላ እሪ ስትል የሰማች መሰላት። እንደገና ልትጣራ አፏን ስትከፍት ስልኩ ከጠረጴዛው ተነሳ፤ ትንፋሽ መጣ።

«አለሁ» አለች ሀምዲያ። «እኔማ አለሁ።»